በርሜሉ ባዶ ሲሆን፦ ስለ በጋ ሙቀት፣ ስለ ቃጠሎና ስለ ውሃ እጥረት

የዚህ ግድግዳ ጋዜጣ አንባብያን እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር ከወጥ ቤቱ ኋላ ያለው ሣር ተቃጥሎ ነበር። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የነደደው ቦታ የኳስ ሜዳ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከምድጃ ወጥቶ የተደፋው አመድ ውስጡ ረመጥ ነበረበት። ነፋስ አነሣው፣ ደረቁ ሣር ተቀበለው፣ ከዚያም በአጥሩ ጥግ ወደ ተከመረው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሻገረ። እኛም እየተጯጯህን ወደ በርሜሎቹ ሮጥን። በርሜሎቹ ላይ በቀይ ቀለም «ለእሳት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም ባዶ ነበሩ።

ማን ባዶ አደረጋቸው ቢባል፣ እውነቱን ለመናገር እኛው ነን። ቧንቧው ከደረቀ አምስተኛ ቀኑ ነበርና ልብስ አጥበንባቸዋል። እሳቱን ያጠፋነው በእርጥብ ቅርንጫፍና በብርድ ልብስ እየመታን ነው። አንድ ጓደኛችን ቀኝ እጁ ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠመኔ መያዝ አልቻለም፤ የማስተማር ልምምዱንም በግራ እጁ እየጻፈ ነው የጨረሰው። ተማሪዎቹ ሳቁበት። እኛ ግን አልሳቅንም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሙቀት፣ እሳትና የውሃ እጥረት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው። እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ግን ሦስቱም የሚመጡት በአንድ ወቅት፣ ተያይዘው ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ይበረታል፣ ሣሩ ይደርቃል፣ ግድቡ ይጎድላል። አንዱን ሳያነሡ ሌላውን ማስረዳት አይቻልም። ነገ ክፍል ገብተን «ለምን?» የሚል ልጅ ሲገጥመን ደግሞ «መጽሐፉ ላይ የለም» ብለን ማለፍ ነውር ነው።

በመጀመሪያ የቃል ችግር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት «ሰመር» የሚሉትን አንዳንዱ «በጋ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሌላው ወሩን ቆጥሮ «ክረምት» ይለዋል። ሁለቱም ያሳስታል። በአውሮፓ ሐምሌና ነሐሴ የሙቀት ወራት ናቸው። በእኛ አገር ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ጭቃ፣ ጉምና ካፖርት ነው። በአዲስ አበባ ሙቀቱ ጎላ የሚለው በበጋው መጨረሻና በበልግ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናታችን ላይ ታልፋለች። አንዱ ሚያዝያ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሲሆን ሌላው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። በነሐሴ ደመናው ጋሻ ይሆነናል፤ በሚያዝያ ግን ብዙውን ጊዜ ሰማዩ ገላጣ ነው።

ይህን ለተማሪ በቃል ከመንገር ማሳየት ይሻላል። ሚያዝያ 5 ቀን ገደማ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ሜዳ ላይ ትከሉና ቀን ከ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ተመልከቱት። ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። (ለምን ልክ በ6 ሰዓት አልሆነም የሚል ብልህ ልጅ አይጠፋም። ሰዓታችን የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ያህል ፈቀቅ ብላለች፤ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው። ማባዛቱን ለራሱ ተዉለት።)

እንግዲህ ፀሐይ በአናታችን ላይ ከቆመ ስለምን እንደ ዳሎል አንነድም? ያዳነን ከፍታችን ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ኮልፌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ዳሎል ግን ከባሕር ጠለል በታች ባለው በአፋር ረባዳ ምድር ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያ በተወሰደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የእኛ ከተማ በመጋቢት እኩለ ቀን እንኳ ባብዛኛው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ30 የሚያልፍበት ቀን ብዙ አይደለም።

ታዲያ ይህን ሰምቶ «እኛን ሙቀት አይነካንም» የሚል ሠልጣኝ ቢኖር፣ በሚያዝያ ቀን 8 ሰዓት ላይ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ይዞ ሒሳብ ያስተምር። ቆርቆሮ ፀሐዩን ተቀብሎ መልሶ ወደ ታች ይረጨዋል። ጥላ የሚሆን ዛፍ በግቢው የለም። ልጁ ቁርሱን ሳይበላ፣ ውሃ ሳይጠጣ መጥቷል። ራሱን ዴስክ ላይ ሲያስደግፍ አስተማሪው «እንቅልፋም!» ይለዋል። እኛም ብለናል። በሕክምናው ዓይን ግን ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የከንፈር መድረቅና የሽንት መጥቆር የውሃ ጥም ምልክቶች ናቸው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላብ የሚሠራው ደግሞ ከውሃ ነው፤ ውሃው ካለቀ ማቀዝቀዣው ይቆማል። ልጁን ወደ ጥላ ማውጣት፣ ልብሱን ማላላት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለበት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ነው። ግራ የተጋባ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ይህ የአስተማሪ ሥራ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም።

ሙቀት ሰው እንደሚገድል የምንጠራጠር ካለን ወደ ሌላው ዓለም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ በተነሣው ኃይለኛ ሙቀት ከ30,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ሐኪም ሞልቶ፣ መብራት ሞልቶ! በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን ደግሞ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ 45 ዲግሪ ይደርሳል በመባሉ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በአገራችንም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ አማካዩ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። አንድ ዲግሪ ከሦስት ምን አላት ይባል ይሆናል። ለሰው ቆዳ ምንም አይደለችም፤ ለአፈር እርጥበትና ለግድብ ግን ብዙ ናት። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ዝናቡ በዘገየ ቁጥር መሬቱ ቶሎ ይደርቃል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በእኛ ሰፈር ዋናው ነገር ይኼ ነው።

ከኮልፌ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ የሄደ ሰው ከመንገዱ ዳር የገፈርሳን ግድብ ያያል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1944 በትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያም ከተማዋ ስታድግ እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የድሬ ግድብ ተጨመሩ። በደቡብ በኩል በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። እንግዲህ የአዲስ አበባ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው፤ የግድብና የከርሰ ምድር። ሁለቱም የየራሳቸው ድካም አላቸው።

የግድቡ ድካም የጊዜ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይበልጣል። ነገር ግን ከአራት ሦስቱ እጅ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ግድቡ በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ደመወዝ ነው። እስከሚቀጥለው ሰኔ በዚያው መኖር ነው። ፀሐዩም ከላይ እያተነነ ድርሻውን ይወስዳል። የበልግ ዝናብ ከቀረ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የግድቡ ዳርቻ ተሰነጣጥቆ ጭቃው ይታያል። በላዩ ላይ ደግሞ ከተራቆተ ማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ከሥር እየተኛ የውሃውን ቦታ ይወስዳል።

የጉድጓዱ ድካም ሌላ ነው፤ የመብራት ጥገኛ ነው። አቃቂ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ ኮልፌ ከፍ ያለ ነው። ልዩነቱን 250 ሜትር ብንይዝ፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት በፊዚክስ እንደተማርነው 1,000 ኪሎ ግራም ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ250 ነው። ወደ 2.45 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ በመብራት ቆጣሪ ቋንቋ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የፓምፑ ብክነትና የቧንቧው ፍትጊያ አልተቆጠረም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚደርቀው የዳገተኛው ቧንቧ ነው። ኃይሉ ሲመለስም ከታች ያለው ሁሉ ቀድሞ ሲከፍት ግፊቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይሟሽሻል። «ለእነርሱ መጥቶ ለእኛ ለምን አልመጣም?» የሚለው የጎረቤት ጭቅጭቅ ግማሹ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ግማሹ ግን የሚፈስሰው ነው፤ ከተመረተው ውሃ ሲሶ ያህሉ ቆጣሪ ሳይደርስ በመንገድ ላይ እንደሚጠፋ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል።

ፈረቃ የሚባለው ኑሮ የመጣው በዚህ ነው። በአስኮ፣ በቤቴል፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ የሚኖር ሰው የፈረቃውን ቀን ከዘመድ ልደት አስበልጦ ያውቀዋል። ውሃው የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ሌላው ሰው ተኝቶ ፍጆታ ሲቀንስ ግፊቱ ስለሚያድግ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ፍስስስ ይላል። ያን ድምፅ የሰማች እናት «ተነሡ!» ትላለች። በርሜል፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የሕፃን ማጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ይደረደራል። ያለው ሰው ሮቶ ሰቅሏል፣ የሌለው ቦኖ ይሰለፋል፣ ቦኖው ከደረቀ በአህያ ከመጣው ይገዛል። ድሀው በጀሪካን የሚገዛው ውሃ በቧንቧ ከሚገባው ይልቅ በሊትር ሲታሰብ እጅግ ይወደዳል። ይህን ለሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ አድርገን ብንሰጠው ከ«አንድ ነጋዴ ብርቱካን ገዛ» ይሻላል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ታረፍድ ነበር። ከእኛ አንዱ ደንብ ነው ብሎ ጠመኔ ሰሌዳው ሥር ካስቀመጠ በኋላ «ተንበርከኪ» አላት። ልጅቱ ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ሳምንት የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ እርጥብ መሆኑን አየን። ምክንያቱን ስንጠይቃት «ጋሼ፣ ቦኖው የሚከፈተው አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለችን። እናቷ ጠዋት በጉልት ነው የምትውለው። ልጅቱ ጀሪካኑን ቤት ሳታደርስ መምጣት አትችልም። ያንኑ ቀን ያስተማርነው ትምህርት «የውሃ ዑደት» ነበር። ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ወንዝ እያልን በቀለም ጠመኔ ሥለናል። ስለ ቦኖው አንድ ቃል አልነበረበትም።

ይህን የምናወራው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በስም መጥሪያው ላይ «ዘገየ» የሚለው ምልክት የሰነፍ ምልክት ብቻ ሳይሆን የውሃ እጥረት መለኪያም ሊሆን ይችላል። የፈረቃውን ቀን ከስም መጥሪያው ጋር አስተያይቶ ማየት አስተማሪ ምንም ሳይከፍል የሚሠራው ጥናት ነው። ሴት ልጆች ከወንዶች ይልቅ በዚህ ይጎዳሉ። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃ ሲያጣ ደግሞ ከፍ ያለችው ልጅ በወር ጥቂት ቀን ጨርሶ ትቀራለች፤ ለወንድ አስተማሪ አትናገርም።

ውሃ ሲያንስ በሽታ ይበዛል። እጅ መታጠብ መጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ ገብቶ እንደነበር ብዙዎቻችን ልጆች ሆነን እናስታውሳለን። በርሜል ውስጥ የቆየ ውሃ መከደን አለበት፤ ካልተከደነ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ እጅ የገባበት ኩባያም ያበላሸዋል። ለመጠጥ የሚሆነውን ማፍላት፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ እንደታዘዘው ጨምሮ ጊዜውን መጠበቅ ነው። ደፍርሶ የመጣውን አስቀድሞ አጥልሎ፣ ከዚያ ማከም ያሻል፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋልና።

ስለ እሳትም እንናገር፤ ጽሑፋችን ከዚያ ነው የተነሣው።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ማገዶ፣ ሙቀትና አየር። በበጋ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። በአገራችን ትልልቅ የደን ቃጠሎዎች የደረሱት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ የባሌና የቦረና ደን ለብዙ ሳምንታት ነደደ። ሕዝቡ፣ ወታደሩና ተማሪው ዘመተ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። ያም ሆኖ እሳቱን ጨርሶ ለማጥፋት የበልጉ ዝናብ አስፈልጓል። በ2004 ዓ.ም. መጋቢት የዝቋላ አቦ ገዳም ደን ሲነድ ከአዲስ አበባና ከደብረ ዘይት ብዙ ወጣት ተራራውን ወጥቶ በቅጠል ሲመታ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ማለታችን ነው። እሳቱ ገደላ ገደል ውስጥ ስለገባ እግረኛ አልደርስ ብሎት፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ሰው በቅጠልና በአፈር ታገለ።

ለምን ይነሣል ቢባል፣ መብረቅ ከሚያነሣው ይልቅ ሰው የሚያነሣው ይበዛል። ከብት አርቢው አሮጌው ሣርና አስታ ተቃጥሎ ለጋ ሣር እንዲበቅልለት ይለኩሳል። ማር ቆራጩ በጭስ ንብ ያባርራል። ከሰል አክሳዩ ጉድጓዱን ሳያዳፍን ይሄዳል። እነዚህን ሰዎች በደፈናው «ደን አጥፊ» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው። በእርጥቡ ዘመን ይህ ልማድ ያን ያህል ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር፤ ሣሩ ነድዶ ደኑ ጋ ሲደርስ እርጥበቱ ያቆመዋልና። ደኑ ራሱ ከደረቀ ግን የአባት የአያቱ እሳት ከእጁ ያመልጣል። በደጋ ደን ውስጥ ደግሞ የረገፈው ቅጠል ለብዙ ዘመን ስለተነባበረ እሳቱ ከላይ የጠፋ መስሎ ከሥር ሲጨስ ይቆይና፣ ከቀናት በኋላ በሌላ በኩል ብቅ ይላል።

እኛስ ከደን ምን አለን ትሉ ይሆናል። ከግቢያችን ወደ ምዕራብ ብታዩ የወጨጫ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በጀርባው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ያ ደን ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ እያለ ለምንጭና ለወንዝ የሚሰጥ ስፖንጅ ነው። ተራራው የተራቆተ እንደሆነ ውሃው በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በነሐሴ ያጥለቀልቀናል፣ በሚያዝያ ያስጠማናል።

በሰፈራችን ያለው ዛፍ ግን ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ልትፈርስ በተቃረበችበት ጊዜ ነው። ከተማዋን አድኗታል፤ ይህን መካድ አይገባም። የኮልፌ አጠና ተራም በእርሱ ይኖራል፤ የብዙዎቻችን ቤት ማገርም ከዚያ ተገዝቶ የመጣ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ዘይት ያለው ነው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ሥሩ ይከመራል፤ በበጋ አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ውሃም አብዝቶ ይጠጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ይነቀል የሚል አቋም የለንም፤ ከመኖሪያ ክፍላችን ግድግዳ ሥር ያለው ቅጠል ግን በየሳምንቱ ይጠረግ።

ቃጠሎ በደን ብቻም አይደለም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጭሱ ከእኛ ግቢ ይታይ ነበር። ቤት ከቤት በተጣበቀበት፣ መንገዱ መኪና በማያስገባበት ቦታ ውሃ ቢኖርም አይደርስም። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ኮሚሽን ስልክ 939 ነው፤ በእያንዳንዱ መኖሪያ ክፍል በር ላይ ጽፈን ለጥፈናል። መኪናው እስኪመጣ ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው አባባል ቃል በቃል ይሠራል። እርጥብ ቅርንጫፍ የሚያጠፋው አየሩን በመከልከል ነው፤ ስለዚህ እየጎነጡ ብልጭታ መበተን ሳይሆን ጭኖ መያዝ ነው። እሳት ወደ ዳገት ሲሄድ ከላይ ያለውን አስቀድሞ ስለሚያደርቀው ይፈጥናል፤ ከእሳቱ በላይ በዳገት በኩል መቆም አይገባም። ባለፈው ዓመት እጁ የተቃጠለው ጓደኛችን የቆመው እዚያ ነበር። እሳቱን ከማባረር ይልቅ ፊቱን ቀድሞ በአካፋ አንድ ሜትር ያህል ሣሩን ልጦ አፈር ማድረግ ይሻላል፤ ማገዶ ካጣ ይቆማል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ እኛ ጠበብት አይደለንም። አመዱን በተመለከተ ከወጥ ቤት እናቶች ጋር ተነጋግረናል፤ እትዬዎቹ ውሃ ሳይነካው አመድ እንዳይወጣ ተስማምተዋል። ውሃ በሌለበት ቀን ደግሞ ጉድጓድ ገብቶ በአፈር ይከደናል። «ለእሳት ብቻ» የሚለው በርሜል ቁልፍ እንዲኖረው የጠየቁ አሉ። እኛ አልተስማማንም፤ እሳት ሲነሣ ቁልፍ የያዘው ሰው ከተማ ነው የሚሆነው።

ትልቁ አሳባችን ጣሪያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ የትልቁን መማሪያ ክፍል ጣሪያ ለክተናል። የሚለካው ተዳፋቱ ሳይሆን መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው፤ ዝናብ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ 216 ካሬ ሜትር ሆነ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 2,160 ሊትር ይወርዳል፤ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ ከ1,700 ሊትር በላይ፣ ማለትም 85 ጀሪካን ያህል ይቀራል። በዓመት ሲታሰብ ወደ 190,000 ሊትር ነው። ይህን ሁሉ በአሁኑ ሰዓት ወደ ቦይ እየለቀቅን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለባልዲ እንጣላለን።

ግን ራሳችንን አናታልል። አንድ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ቢገኝ በነሐሴ በሦስት አራት ቀን ይሞላል። 60 ሠልጣኝ በቀን 5 ሊትር ብቻ ቢጠቀምበት በ16 ቀን ያልቃል። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ አያደርሰንም። የሚያገለግለው ለሌላ ነው፤ ፈረቃው ሲዘልል ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ፣ ከሥሩ ሩቡ ደግሞ ሁልጊዜ ለእሳት ይቀመጣል። የበልግ ዝናብ ከጣለ በመካከል ይሞላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው ሳይገባ መለቀቅ አለበት፤ ለመጠጥ አይሆንም፣ ካልታከመ በቀር።

አስተዳደሩ ሮቶውን በተመለከተ «በጀት ይታያል» ብሎናል። እስከዚያው በሁለቱ በርሜሎች እንጀምራለን። የቀረው አሸንዳው ነው፤ በምሥራቅ በኩል ሁለት ቦታ ተቀድዷል፣ መውረጃው ቱቦ የለውም። ሬንጅ አግኝተናል። ቆርቆሮ መጠገን የሚችል ወይም መሰላል ያለው ዘመድ ቅርብ ያለው ሠልጣኝ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ በእንጨት ሥራ ክፍል በር ላይ ያግኘን።